ዘይት የጠጣው ዚር

ባለፈው ቅዳሜ የባሌ ወንድም በአህያ ጋሪ አዲስ ዚር አመጣልኝ። ዚር እዚህ ካርቱም ጋን የሚያህል የሸክላ የውሃ ማቀዝቀዣ ነው፤ ቂጡ ሾጠጥ ያለ ስለሆነ በራሱ አይቆምም፣ በብረት እግር ላይ ይቀመጣል። እኔ ባሌ ያሲን ካረፈ ወዲህ ዒዳ፣ የመበለት የሐዘን ጊዜ፣ ላይ ነኝ፤ አራት ወር ከአሥር ቀን እስኪሞላኝ ከግቢ አልወጣም። ስለዚህ ዚሩን በር ላይ ከማቆሙ በፊት ወደ ውስጥ እንዲያስገባልኝ ለመንኩትና የመጀመሪያውን ባልዲ ውሃ በእጄ ጨመርኩበት። ደረቁ ሸክላ ውሃውን ሲጠጣ ስስ የሚል ድምፅ አሰማ። ከዚያ ሽታው መጣ። ዝናብ መጀመሪያ አቧራ ላይ ሲያርፍ የሚሸተው ዓይነት ነው፣ ግን ከዚያ የጠበቀ፣ አፍ ውስጥ የሚገባ።

ሽታው ያሲንን ያመጣብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ያመጣብኝ ሌላ ነገር ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ ካላክላ ሰፈር ያሳለፍኩትን አንድ የሙቀት ወቅት። መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ ስለዚህ ቀን ቀን መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ጥቂት ጥቂት እጽፋለሁ። አልቸኩልም።

በዚያ ዓመት እማዬ ሪያድ ሰፈር አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ተቀጥራ እዚያው ታድር ነበር። የምትመጣው ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ዓርብ ሲመሻሽ በሃፊላ፣ በዚያች በተጨናነቀች ሚኒባስ፣ ትመለሳለች። አሠሪዎቿ ልጅ ይዛ እንድትገባ ስላልፈቀዱላት ካላክላ በተከራየናት አንዲት ክፍል የምቀረው እኔ ነበርኩ። የምትጠብቀኝ የቤቱ ባለቤት ናት። ናት አልኩ እንጂ በአማርኛ ሳስባቸው ሁልጊዜ አንቱ ናቸው፤ ሃጃ ሱዓድ። ሰፈሩ በሙሉ ሃቦባ፣ አያቴ፣ ይላቸው ስለነበር እኔም እንደዚያው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበርና ጥላና ብርሃን ይለያሉ እንጂ ፊት አይለዩም። እኔን የሚያውቁኝ በነጠላ ጫማዬ ድምፅ ነው።

ባላቸው አባ ኢድሪስ የሃፊላ ሹፌር ነበሩ። በሞቱ ጊዜ ሃቦባ ለቤት የተገዛውን ዚር አስወጥተው በራቸው ላይ፣ ሃፊላው ከሚቆምበት ፊት ለፊት፣ አቆሙት። የቆርቆሮ ኩባያ በሰንሰለት አሰሩበት። የጠማው መንገደኛ ሁሉ ይጠጣል፤ ጠጥቶም ሲያበቃ «አላህ የርሐሙ» ይላል፣ ለማያውቀው ሰው ምሕረት ይለምናል ማለት ነው። ሃቦባ ከግንቡ በስተጀርባ በገመድ በተጠለፈችው አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ያንን ይሰማሉ። ሰንሰለቱ ይንቋቋል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ ቃሉ ይመጣል። እሳቸውም በዝግታ «አሚን» ይላሉ። ቀናቸው የሚያልፈው በዚህ ነበር።

ልጃቸው ዑስማን ጀብራ የሚባል ሌላ ሰፈር ነው የሚኖረው። ዓይነ ስውር ሊሆኑ ምንም ያልቀራቸውን እናቱን ብቻቸውን ማስቀመጥ አሳፍሮት፣ ቤቱን ሊያከራይና እሳቸውን ወደ ራሱ ሊወስዳቸው ይፈልጋል። በመጣ ቁጥር ይለምናቸዋል። እሳቸው የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ ሰው ከኢድሪስ ዚር እስከጠጣ ድረስ ከዚህ በር አልነቃነቅም፣ የማይጠጣበት ቀን ሲመጣ ግን ራሴ እደውልልሃለሁ።

ያ ቀን ቢመጣ እኔ የት እንደምገባ እማዬ ነግራኛለች፤ ደሴ፣ አጎቴ ጋ። አጎቴን በፎቶ ብቻ ነው የማውቀው። ደሴ ከሄድኩ ሐሙስ የሚባል ነገር አይኖርም። ስለዚህ ሐሙሴ የተንጠለጠለው በዚያ ዚር ላይ መሆኑን ከማንም በላይ አውቅ ነበር።

ዚሩን መሙላት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት ሳልሄድ፣ ከሰዓት ደግሞ ከዐሥር ሰላት በኋላ፣ ከግቢው ቧንቧ በባልዲ እያመላለስኩ እሞላዋለሁ። ውሃው ከቧንቧ ሲወጣ ሻይ ሊፈላበት የቀረበ ነው፤ ቧንቧው ራሱ እጅ ያቃጥላል። ያው ውሃ ዚሩ ውስጥ አድሮ ጠዋት ሲቀዳ ጥርስ ያማል። እንዴት እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም ማንንም አልጠየቅኩም፤ መልሱን የማውቅ ስለመሰለኝ ነው። ውሃውን የሚያቀዘቅዙት አባ ኢድሪስ ናቸው። ሰው ምሕረት በለመነላቸው ቁጥር እሳቸውም ከዚያ ከሆኑበት ቀዝቃዛ ቦታ ትንሽ ቅዝቃዜ ይልካሉ። የዚሩ ገላ ሁልጊዜ ላብ ያልበው፣ ከሥሩም ጠብ ጠብ ይል ነበር፤ ያንን ደግሞ ድካም ነው እል ነበር። በዚያ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ቆሞ የማያልበው ማን አለ?

ሙቀቱ ሲበረታ አንድ ጠዋት የውሃ ነጋዴ አህያ ጋሪዋን ወደ ኋላ ገፍታ ዚሩን ሰበረችው። ነጋዴው ራሱን ይዞ ይቅርታ ጠየቀ። ሃቦባ አህያዋን አልረገሙም፤ ስብርባሪውን እየዳሰሱ ለቅመው ከግንቡ ሥር አስቀመጡና በማግስቱ አዲስ አስገዙ።

አዲሱ ዚር ግን ጉድ ነበር። አሮጌው ካላበው ይህኛው ያለቅሳል። ጠዋት የሞላሁት ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎድሎ ይጠብቀኛል፤ ሥሩ ያለው አፈር ጭቃ ሆኗል። እጄ ባልዲ በመሸከም ውሃ ቋጠረ። ሐሙስ እማዬ መጥታ እጄን ስታይ ተቆጣች። እየቀዘቀዘ ነው ወይ ብላ አልጠየቀችም፤ ያፈሳል አልኳት፣ ያፈሳል ማለት ለእሷ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። የተቆጣችው በዚሩ ነው።

«ሳያሟሹ ነዋ ውሃ የጨመሩበት» አለች። «አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ እንዴት ይያዝበታል?»

ሸክላ ድስት ሲገዛ ዘይት ተቀብቶ፣ በእሳት ሞቆ፣ ዘይቱን እስኪጠጣ ሲደጋገም እንደሚጠነክርና እንደማያፈስ በዝርዝር ነገረችኝ። የነገረችኝ እንዲያው የወሎን ነገር ስታወራ ነው፤ አድርጊው አላለችኝም። እኔ ግን እያንዳንዱን ቃል ያዝኩ።

ቅዳሜ ሃቦባ ለለቅሶ ጎረቤት ሲሄዱ ዚሩን አራግፌ አደረቅኩት። እሳት አላስፈለገኝም፤ የካርቱም ፀሐይ በቂ ነበረች። የሃቦባን የሲምሲም፣ የሰሊጥ፣ ዘይት፣ እህታቸው ከገጠር የምትልክላቸውን፣ በጨርቅ እየነከርኩ ውጪውን በሙሉ ቀባሁት። ጠጣው። ደግሜ ቀባሁ። ደግሞ ጠጣው። ከቀትር እስከ ዐሥር ሰላት እንዲህ ስናደርግ ዋልን፣ እኔ ሳጠጣ እሱ ሲጠጣ። በመጨረሻ መጠጣቱን ተወና ገላው አብረቀረቀ። ውሃ ሞላሁበት። አንዲት ጠብታ አልወጣችም። እሑድ ጠዋት ሥሩ ያለው አፈር ደረቅ ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ በራሴ የኮራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እሑድ ቀትር ላይ ሰንሰለቱ ተንቋቋ። ዝም አለ። ከዚያ የመጣው ቃል አልነበረም፤ ውሃ መሬት ላይ ሲደፋ የሚሰማው ጯ የሚል ድምፅ ነው። ሃቦባ ቀና አሉ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ሰው መጣ፤ ሰንሰለት፣ ዝምታ፣ ጯ። አንዱማ እንደ ሾርባ ይሞቃል ብሎ ለጓደኛው ሲስቅ ሰማነው። ሮጬ ወጥቼ ቀመስኩት። ከቧንቧው እንደወጣ ነበር። ዘይት ዘይትም ይሸታል።

ሰኞም እንደዚያው ሆነ። ማክሰኞ የሃፊላ ተሳፋሪዎች ኩባያውን መንካት አቆሙ። ሃቦባ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን ወደ ግንቡ እንደሰጡ ዋሉ። ምሳ አቀረብኩላቸው፣ አልበሉም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ኢድሪስን ምን እንዳጠፉ እየጠየቁት እንደሆነ ሰማሁ። እኔም በበኩሌ በዘይት ስላፈንኳቸው አባ ኢድሪስ ተቆጥተው ሄደዋል ብዬ አመንኩ። ሁለታችንም አንድ ሟች እንፈራ ነበር፣ እሳቸው ምክንያቱን ሳያውቁ፣ እኔ አውቄ።

ማክሰኞ ከሰዓት ወደ ዑስማን ደወሉ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መኪና ይዞ እንዲመጣ ነገሩት። ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩና እናቴ ስትመጣ እንደሚያነጋግሯት፣ እኔ እንዳላስብ ነገሩኝ። ስለ ዘይቱ ግን አልነገርኳቸውም።

ረቡዕ ጋሼ መኮንን መጡ። ጋሼ መኮንን ደሴ ፊዚክስ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ካርቱም ውስጥ ደግሞ በየቤቱ እየዞሩ ሙከይፍ፣ በውሃ የሚሠራ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ይጠግናሉ። ሙከይፍ በመስኮት ላይ የሚቆም የቆርቆሮ ሣጥን ነው፤ ጎኑ በሣር ተሞልቶ ሣሩ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ማራገቢያው በእርጥቡ ሣር ውስጥ አየር እየሳበ ወደ ቤት ይልካል። ሣሩ በየዓመቱ ይቀየራል። ሃቦባ ከመሄዳቸው በፊት ለሚገባው ተከራይ እንዲሠራላቸው ብለው ነው ያስጠሩአቸው።

ጋሼ መኮንን ሲመጡ ከዚሩ ለመጠጣት ቆሙ። ገላውን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ መዳፋቸውን አሸተቱ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ሰሚራ፣ ይሄን ነገር ምን አብልታችሁት ነው?»

ሃቦባ እንዳይሰሙ በአማርኛ፣ በሹክሹክታ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማሟሸት የሚለውን ቃል ሲሰሙ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

«ወጥ ልትሠሪበት ነበር? እናንተ ወሎዬዎች ያገኛችሁትን ሸክላ ሁሉ ድስት ታደርጉታላችሁ!»

አለቀስኩ። ሳቃቸውን አቁመው ከመሣሪያ ሣጥናቸው ሁለት ጨርቅ አወጡ። ከአንድ ባልዲ ነከሯቸውና አንዱን በግራ ክንዴ፣ አንዱን በቀኝ ክንዴ ጠመጠሙት። በቀኙ ላይ ፌስታል ደርበው በክር አሰሩት። ከዚያ የሙከይፉን ማራገቢያ ከፍተው ፊቱ አቆሙኝ። ግራ ክንዴ ወዲያው ቀዘቀዘ፤ ቆይቶ ፀጉሬ እስኪቆም በረደኝ። ቀኙ ግን ያልበኝ ጀመር።

«ውሃው አንድ ነው፣ ባልዲው አንድ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ፌስታሉ።»

«አንቺ ዚሩን ፌስታል አለበስሽው።»

ግን አባ ኢድሪስስ አልኩ። ውሃውን የሚያቀዘቅዙት እሳቸው እንደሚመስሉኝ ተናገርኩ። ጋሼ መኮንን በዚህ አልሳቁም። ሣሩን እየበታተኑ መሬት ላይ ተቀመጡና አባ ኢድሪስ ምን ይነዱ እንደነበር ጠየቁኝ።

«ሃፊላ።»

«በዚህ ሙቀት የተጨናነቀ ሃፊላ አስቢ። ከሁሉ ይልቅ የሞቀውና የተቅበጠበጠው ሰው ምን ያደርጋል? ወደ በሩ ይጋፋል፣ መኪናው ሳይቆም ዘሎ ይወርዳል። እሱ ሲወርድ የቀሩትስ?»

«ይረጋሉ።»

«ውሃም እንደዚያ ነው። ውስጡ ያሉት ቅንጣቶች እኩል አይሮጡም። በሸክላው ቀዳዳ እየሰረጉ ውጪ ሲደርሱ በጣም ፈጣኖቹ ተን ሆነው ከነፋሱ ጋር ይሄዳሉ፣ ሙቀቱንም ይዘውት ይሄዳሉ። የቀረው ቀዝቃዛ ይሆናል። ያ ላብ ብክነት አይደለም፣ ዋጋው ነው። አንቺ ግን በሩን ዘጋሽው፤ ፈጣኑም ዝግተኛውም ውስጥ ታፍኖ ቀረ።»

ዘይቱን ከሸክላው የሚያወጣው እሳት ብቻ እንደሆነ፣ እሳት ደግሞ ሊሰነጥቀው እንደሚችል ነገሩኝ። ሌላ ዚር ቢገዛም የአፈር ጣዕሙ እስኪወጣ ቀናት ይፈልጋል፤ ዓርብ ደግሞ ከነገ ወዲያ ናት። ሸክላው ማላብ ካልቻለ ላብ ከውጪ ይሰጠዋል አሉ። ጆንያ አልብሰን ጆንያውን ሳይደርቅ ብናርሰው፣ ነፋሱ ሥራውን ይሠራል። ከዚያ ሣራቸውን ሰብስበው ተነሡ። ለሃቦባ ይነግሩልኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«እኔ? እኔ የሙከይፍ ሠራተኛ ነኝ» አሉ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሃቦባ ልብሳቸውን በጨርቅ ሲቋጥሩ አገኘኋቸው። ቁጭ አልኩ። ጋሼ መኮንን ያስረዱኝን ላስረዳ ብዬ በሃፊላ ጀመርኩ፣ አልሆነልኝም። ዘይት ቀባሁት አልኩ።

እጃቸው ቆመ። 

«የቱን ዘይት?»

«ሲምሲሙን።»

«የእህቴን? ያንን ጥሩውን?»

«አዎ፣ ሃቦባ።»

«ኢድሪስ በሕይወቱ ያን ያህል ሲምሲም ቀምሶ አያውቅም» አሉ። ከንፈራቸው ሊስቅ ዳዳና ተመለሰ። «ሦስት ቀን ሙሉ ባሌ ፊቱን ያዞረብኝ መስሎኝ ነበር። አጠገቤ ተቀምጠሽ ስትሰሚኝ ለምን ዝም አልሽ፣ ልጄ?»

ደሴ እንዳልላክ ብዬ ነው አልኩ።

«ዝም ብትዪ ኖሮ ነበር የምትላኪው።»

ጆንያ ላለብሰው እንደሆነም ነገርኳቸው፤ እሳቸው ግን ቋጠሮውን አልፈቱትም። አንዴ የሰጡትን ቃል ማጠፍ ለእሳቸው ቀላል አልነበረም፤ ለዑስማን ሰው መጠጣት ሲያቆም እደውላለሁ ብለው ነበር፣ ሰው አቁሟል፣ ደውለዋል። ነገ ሰው ከጠጣ አንድ ነገር ነው፣ ካልጠጣ ሌላ ነው አሉ።

እማዬ ስትደርስ እኔ ገና የጆንያውን አፍ እየተረተርኩ ነበር። ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ አንገቷን ደፋች፣ ከዚያ ሃቦባ ፊት ሄዳ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ፣ እሷ ስለ ድስት እንዳወራች ተናገረች። ሃቦባም ዚር አታውቂ፣ ከየት ታውቂያለሽ አሏት። እማዬ የጆንያ መርፌውን ከእጄ ወስዳ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰፋችው። ለዚሩ ልክ የሆነ፣ ወገቡ ላይ የሚሰበሰብ ልብስ። እማዬ ለእኔ የዒድ ልብስ ስትሰፋ እንኳ እንደዚያ አልተጠነቀቀችም።

ዓርብ ጠዋት አየሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። ቅጠል አይነቃነቅም። ጆንያውን በኩባያ እያራስኩ በየደቂቃው ውሃውን እቀምሳለሁ፤ ለብ ያለ ነው፣ አሁንም ለብ ያለ ነው። ጋሼ መኮንን ደረቅ ነፋስ ካለ ብለው ነበር። ነፋስ እንዲመጣ የጸለየ የካርቱም ልጅ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

ቀትር ሲቃረብ መጣ። ሁሉም ሰው የሚሸሸው፣ የምድጃ አፍ የሚመስለው፣ አቧራ የተሸከመው ትኩስ ነፋስ ነው። ሱቆች መዝጊያቸውን አወረዱ፣ እናቶች መስኮት ዘጉ። እኔ ዚሩ ሥር ቆሜ ሻሼን አፌ ላይ ጠምጥሜ ጆንያውን አራስኩ። ሲደርቅ አራስኩ። አቧራው ጆንያው ላይ እየተለጠፈ ቀይ ጭቃ ሆነ። እማዬ ባልዲ ታቀብለኛለች። ጆንያው ከጠዋቱ አሥር እጥፍ ፈጥኖ ይደርቅ ነበር፤ የሃፊላው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ፈጣኖቹ እየተጋፉ ይወርዳሉ። እጄን ውሃው ውስጥ ከተትኩ። በዚያ እሳት መሃል ውሃው ቀዝቅዟል።

ዑስማን የደረሰው አቧራው ገና ሳይረግብ ነው። ከመኪናው ወርዶ እያሳለ፣ ቅንድቡ ነጥቶ፣ ቀጥታ ወደ ኩባያው ሄደ። ጆንያውን አይቶ ግራ ገባው፣ ጠማውም ስለነበር ጠጣ።

ከግንቡ በስተጀርባ ሃቦባ፣ ቋጠሮአቸው ጭናቸው ላይ፣ ተቀምጠው ይሰማሉ። ሰንሰለቱ ተንቋቋ። ዝም አለ። ድጋሚ ተንቋቋ፣ ሁለተኛ ሲቀዳ ነው። እንደገና ዝም አለ። ጉሮሮው ሲውጥ እኔ እሰማ ነበር።

ከዚያ፣ ለአባቱ መሆኑን ረስቶ ይመስለኛል፣ እንደማንኛውም መንገደኛ፣ «አላህ የርሐሙ» አለ።

«አሚን» አሉ ሃቦባ ከውስጥ፣ ጮክ ብለው። «ግባ ዑስማን። ምሳ ብላና ትሄዳለህ።»

ቋጠሮውን ለእኔ ሰጡኝ፣ እንድፈታው።

እኔ ደሴን ያየሁት ካደግኩ በኋላ ነው፣ ለጉብኝት። በዚያው ዓመት ካርቱም ላይ ክረምት ሲገባና አየሩ ሲረጥብ ጆንያው ሥራ እንደሚለግም ተማርኩ፤ እርጥብ አየር ራሱ የተሞላ ሃፊላ ነው፣ የወረደውን ሰው የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ዛሬም ያለ መብራት ቤትና አትክልት ማቀዝቀዝ የሚፈልጉ አዋቂዎች ወደዚሁ ወደ እርጥብ ሸክላ እንደተመለሱ ሳነብ አልገረመኝም። ጋሼ መኮንን ይህን መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ሣር እየበታተኑ፣ ነግረውኛል።

የያሲን ዚር አሁን፣ ኩባያው በሰንሰለት ታስሮበት፣ በሬ ላይ ቆሟል። የባሌ ወንድም በጣም ያፈሳል፣ አንድ ነገር እንቀባው ይሆን ብሎ ጠየቀኝ። ተወው፣ ያልበው አልኩት። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃው አፈር አፈር ይል ስለነበር ሰዎች ቀምሰው ያልፉ ነበር፤ ግድ አልሰጠኝም፣ ያልፋል። ዛሬ ይህን ስጽፍ ቀትር ነው፤ ትኩሱ ነፋስ ተነሥቷል። ውጪ ማን እንደቆመ አላይም፣ ልወጣም አልችልም። ሰንሰለቱ ግን ተንቋቋ። ብዕሬን አስቀመጥኩ። ዝም አለ፣ ረጅም ዝምታ፣ በጣም የጠማው ሰው ነው።

«አላህ የርሐሙ።»

አሚን።